ስለ እጅ ሙቀት አጠባበቅ፤ በውርጭ ወራት ለሚጋልቡ ሰዎች

የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ የወንዙም ሙላት ይጎድላል። ስለዚህ በዝናቡ ወራት ታግዶ የቆየው ጉዳይ ሁሉ፥ የዳኝነቱም የሠርጉም የተዝካሩም ጉዞ የሚጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ዳሩ ግን መንገዱ በተከፈተበት በዚያው ወራት በደጋው አገር ውርጭ ይገባል። ፈረንጆች ብርዱን ከክረምታቸው ጋር አንድ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በእኛ አገር ግን ውርጭ የሚወርደው ዝናብ ካቆመ በኋላ፥ ቀኑ በፀሐይ ሌሊቱም በከዋክብት በሚደምቅበት በበጋው ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ደመናው በተገፈፈ ጊዜ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ትሰድዳለች፤ ሊነጋ ሲልም ከሌላው ሰዓት ሁሉ ይልቅ ትቀዘቅዛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ በመንዝና በግሼ ሜዳ ማልዶ የሚነሣ መንገደኛ ሣሩ አመድ እንደ ተነሰነሰበት ነጥቶ፥ በኵሬው ዳር ያለውም ውኃ ስስ መስተዋት መስሎ ረግቶ ያገኘዋል።

ስለ እግሩና ስለ ራሱ የማያስብ መንገደኛ የለም፤ ጫማ ይመረጣል፥ ባርኔጣም ይፈለጋል። እጅ ግን ይረሳል። የሚረሳውም በፈለግነው ጊዜ ከካባችን በታች ልንሸሽገው የምንችል ስለሚመስለን ነው። ነገር ግን የሚጋልብ ሰው እጁን ሊሸሽግ አይችልም፤ ዛቡን መያዝ አለበት። ሞተር ብስክሌት የሚነዳውማ ይልቁን የባሰ ነው፤ መሪውን ለአፍታ ቢለቅ ወደ ገደል ይሄዳል። ስለዚህ በሰውነት ሁሉ ሙቀት ቶሎ የሚያጣውን ክፍል ለነፋስ አስቀድሞ የሚያቀርብ ጋላቢ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ የምንኖረው በመርሐ ቤቴ በዓለም ከተማ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፥ ከበታችዋ ያለው የጀማ ወንዝ ሸለቆ ሙቀቱ የበረታ ቈላ ነው። ከወንዙ ወበቅ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከተማይቱን ብርድ ናት ይላታል፤ ከመንዝ የሚወርድ ሰው ደግሞ ገና ሳይደርስ በርኖሱን አውልቆ በክንዱ ያንጠለጥለዋል። በእንዲህ ያለ በመካከለኛ አየር የለመደ ሰው ወደ ደጋ በሚወጣበት ጊዜ ምን መያዝ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ አያውቅም። እኛም አናውቅም ነበር፤ ያወቅንበትም መንገድ የሚያስከብረን አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር፥ በአንድ የእርሻ ይዞታ ክርክር ቃላቸውን መስጠት የሚገባቸው ባልቴት በዕድሜና በሕመም ምክንያት ከችሎት መቅረብ ስላልቻሉ፥ ዳኛው ካሉበት ድረስ ሄደው እንዲጠይቋቸው ተወሰነ፤ እኛም የቃሉ ጸሐፊ ሆነን ተከተልን። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና ሄድን፤ ከዚያ በኋላ በቅሎ ተከራይተን ከአንድ ገበሬ ቤት አደርን፤ ገና ዶሮ ሲጮኽም ተነሣን። መነሣታችን ለትጋት መስሎን ነበር። መንገዱ ሁለት ሰዓት የሚያህል ሜዳ ለሜዳ ሲሆን ነፋሱ ከፊት ለፊት ይመጣ ነበር። ዳኛው የደጋ ተወላጅ ስለ ሆኑ እንዴት እንደ ተጓዙ በኋላ እንናገራለን። እኛ ግን ነጭ ጋቢ ደርበን፥ ዛቡን በሁለት እጃችን ጨብጠን፥ በጣታችን ላይ አንዳች ሳናደርግ ሄድን። በመጀመሪያ ጣታችን ጠዘጠዘን፤ ቀጥሎ አመመን፤ ከዚያም ሕመሙ ተወንና ደስ አለን። የሚያስፈራው ግን ሕመሙ የተወበት ሰዓት እንደ ነበረ ያን ጊዜ አላወቅንም።

ከባልቴቲቱ ቤት በደረስን ጊዜ ከምድጃው ፍም ነበረ። እኛም ያለ መጠን ቸኩለን ሁለቱን እጃችንን ከፍሙ ላይ ዘረጋን፤ እሳቱ መኖሩን በዓይናችን እናያለን እንጂ በእጃችን አናውቀውም ነበር። ባልቴቲቱ ከመደባቸው ላይ ሆነው የበግ ጠጕር በእንዝርት ይፈትሉ ነበርና፥ «ልጄ፥ እጅህን ከእሳት አርቀው፤ በብብትህ አግባው፤ የሞተ እጅ እሳት አያውቅም» አሉን። ነገር ግን ዘግይተን ነበርና በሁለት ጣቶቻችን ጫፍ ላይ ውኃ ቋጠረ።

ዳኛውም ጉዳዩ እንዳይዘገይ ወዲያው መጠየቅ ጀመሩ። እስክርቢቶውን በቀኝ እጃችን ጨብጠን ጻፍን፤ ፊደሉም የእኛ አይመስልም ነበር። የክርክሩ ሥር መሬቱን ለባልቴቲቱ የሰጠው ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ነው ወይስ ወንድማማቾቹ በሙሉ ናቸው የሚል ነበር። እሳቸውም «በታናሽ ወንድሜ ቤት ተሰብስበን ሳለን መሬቱን ሰጠኝ» ብለው ተናገሩ። በእኛ ፊደል ግን ጠ እና ጡ የሚለያዩት ከጎን በምትጨመር በአንዲት አጭር ጭረት ነው። የደነዘዘው እጃችን ተንቀጥቅጦ ያችን ጭረት ጨመረ፤ «ሰጠኝ» የተባለው ቃል «ሰጡኝ» ሆኖ ተጻፈ። ቃሉንም መልሰን በምናነብላቸው ጊዜ ከወረቀቱ ይልቅ ጆሮአችን የሰማውን አነበብን፤ እሳቸውም «ልክ ነው» ብለው በጣታቸው ፈረሙ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ተከራካሪው ወገን ግልባጩን ይዞ ቀረበና፥ «ሰጪዎቹ ብዙ እንደ ሆኑ እሳቸው ራሳቸው መስክረዋል» አለ። የባልቴቲቱም ወገን «ስለ አክብሮት አንቱ ብለውት ነው» ብሎ ቢመልስ፥ ያኛው «ሰው ታናሽ ወንድሙን አንቱ አይልም» አለ፤ ነገሩም እውነት ነበር። ክርክሩ ስለ አንዲት ጭረት ሁለት ቀጠሮ ፈጀ፤ እህሉ በእግድ ሥር ስለ ነበረ ሌላው ሰው ወቅቶ ሲያገባ የእሳቸው ክምር ከሜዳ ላይ ቆመ። በመጨረሻ ዳኛው ሁለተኛ ሄደው እንዲጠይቁ ሆነ። ባልቴቲቱም በሕይወት ቆይተው ነበርና «ሰጠኝ ነው ያልሁት፤ እጅህ በርዶት ኖሯል» አሉ። ባይቆዩ ኖሮ ግን ጭረቷን ከወረቀቱ ላይ የሚያነሣት ማን ይሆን ነበር? ከዚያ ወዲህ ነው ስለ እጅ ሙቀት መጠየቅና መመርመር የጀመርነው።

ሰውነታችን በችግር ዘመን እህሉን ሁሉ ወደ ጓዳ እንደሚሰበስብ ባለቤት ነው። በውስጥ ያሉት ልብና ሳንባ ጉበትም 37 ዲግሪ በሚያህል ሙቀት መኖር አለባቸው። ብርድ በመጣ ጊዜ ሰውነት ለእነዚህ ሙቀቱን ለማትረፍ ሲል ወደ እጅና ወደ እግር የሚወስዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ደሙም ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጣት ደግሞ ቀጭን ስለ ሆነና የራሱ ሙቀት የሚያወጣ ብዙ ሥጋ ስለሌለው፥ ደም ካልመጣለት በቀር ሊሞቅ አይችልም። የጣት ቆዳ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅልጥፍናው ይጠፋል፤ ከዚያም ዝቅ ሲል መደንዘዝ ይጀምራል። ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፥ እጅን ለማሞቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ደረቱንና ሆዱን አንገቱንና ራሱን ማሞቅ እንደሚገባው ነው። ጓዳው የሞላ እንደ ሆነ ባለቤቱ ለደጅ አይነፍግም። ወፍራም ጓንቲ አድርጎ ደረቱን ለነፋስ የከፈተ ሰው እጁ ሲበርደው ይገረማል፤ ጥፋቱ ግን ከጓንቲው አይደለም።

ከፍታም የራሱ ሥራ አለው። በየ1,000 ሜትር ከፍታ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ሰው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዲግሪ የሚያህል ሙቀት በመንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው። ጓሳ በሣሩና በጅብራው፥ በጭላዳውና በቀይ ቀበሮው ስሙ የታወቀ ውብ ሥፍራ ነው፤ ነፋሱ ግን ለማንም አያዝንም። የመንዝ ሰዎች በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ከልቅ ግጦሽና አጨዳ እየጠበቁ ለብዙ ዘመን ያቆዩት በዚህ ብርድ ውስጥ እየዞሩ መሆኑን ስናስብ፥ ስለ ብርድ ከእነርሱ መማር የሚገባን እንደ ሆነ አያጠራጥርም።

የነፋስ ነገር በቍጥር ሊታወቅ የቻለው በቅርብ ጊዜ ነው። ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በደቡብ ዋልታ በአንታርክቲካ ውኃ በዕቃ አድርገው በነፋስ ላይ እየሰቀሉ በስንት ጊዜ እንደሚረጋ ለኩ፤ ውጤቱንም በፈረንጅ ቍጥር በ1945 አሳተሙ። ስሌቱ ከዚያ በኋላ ተሻሽሎ፥ ዛሬ በሚሠራበት መሠረት የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ ሞተር ብስክሌት ፊቱና እጁ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል እንደ ሆነ ያህል ይቀዘቅዛል። በቅሎ በዝግታ ስለምትሄድ ነፋስ ካልተነሣ በቀር ይህን ያህል አታበርድም። ስለዚህ ከበቅሎ ወርዶ ሞተር ብስክሌት የተቀመጠ ሹም በአንድ በኩል ጊዜ ሲያተርፍ በሌላ በኩል እጁን ይከፍላል። ዛሬ በየወረዳው በሞተር ብስክሌት የሚዞሩት የግብርናና የጤና ሠራተኞች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ዳኛው እንዴት እንደ ተጓዙ እንናገር። እሳቸው ከውስጥ የሱፍ ሹራብ ለብሰው ከላይ ጥቍር የመንዝ በርኖስ ደርበው ነበር። በርኖሱ ከፊት የሚገጥም ሰፊ ስለ ሆነ፥ ጫፉን በጕልበታቸው ላይ አንጥፈው ዛቡን ከበርኖሱ በታች ይይዙት ነበር። ከውጭ ሲታዩ እጅ የሌላቸው ይመስሉ ነበር፤ በቅሎዋ ግን ታውቀው ነበር። ደግሞም ዛቡን በአንድ እጅ ብቻ ይይዛሉ፤ ሁለተኛው እጅ በብብታቸው ያርፋል፤ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ይለዋውጧቸዋል። ዳገት በመጣ ጊዜ ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኛ ይህን ለበቅሎዋ ማዘን አድርገን ቈጥረነው ነበር። በኋላ ብንጠይቃቸው፥ «ለበቅሎዋም ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን ለጣቴ ነው፤ እግር ሲሠራ እጅ ይሞቃል» አሉን። ነገሩም ትክክል ነው፤ በትልልቆቹ የእግር ጡንቻዎች የሚሠራው ሙቀት በደም ወደ ሰውነት ሁሉ ይደርሳል።

የበግ ጠጕር ልብስ ከጥጥ ልብስ የሚሻልበትን ምክንያት ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። ጋቢ ክቡር ልብስ ነው፤ በደረቅ ቤት ውስጥም የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ጥጥ ውኃ ሲጠጣ በውስጡ ያለው አየር ይጠፋል፤ ጤዛ የነካው ጋቢ ከማሞቅ ይልቅ ያበርዳል። የበግ ጠጕር ግን በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለ ሆነ አየርን አፍኖ ይይዛል፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ቢጠጣም እንደ ረጠበ አይታወቅም፤ ሙቀቱንም ፈጽሞ አያጠፋም። የመንዝ በግ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ጠጕሩ የሚፈለግ ስለ ሆነ፥ ጠጕሩን ሸልተው፥ በደጋን ነድፈው፥ ሴቶች ፈትለው፥ ሸማኔም ሠርቶት ባና የሚሆነው ለዚህ ነው። ባናን ሻካራ ነው ብለው የሚንቁ የከተማ ሰዎች አሉ፤ እኛም ከእነርሱ አንዱ ነበርን። ሻካራነቱን የማይወድ ሰው ከሥሩ ስስ ሸሚዝ ቢለብስ ነገሩ ያልቃል።

በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን የለበስነው ደበሎም በዚህ አጋጣሚ ትዝ አለን። ያን ጊዜ የሰው መሳለቂያ ይመስለን ነበር፤ ሌሊት በደጀ ሰላም ቆመን ቃል ስናጠና ግን እጃችንን በጠጕሩ በኩል አግብተን እንሞቅ ነበር። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥሩ ኮት ተሰጠንና ደበሎውን ተውነው፤ የኮቱም ኪስ ስስ ነበር።

ከሸለቆ ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከጀማ ወይም ከሌላው ቈላ ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ ልብሱ በላብ ይርሳል፤ ከአፋፉ ሲደርስ ነፋሱ ያገኘዋል፤ ላቡም እየደረቀ ከሰውነቱ ሙቀት ይዘርፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቱ ሲደነዝዝ ጓንቲውን ይራገማል። እንዲህ ያለው መንገደኛ ዳገቱን ሲወጣ በርኖሱን አውልቆ ይጫነው፤ ከአፋፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነፋስ ከማይነካው ሥፍራ ላቡን ያድርቅ፤ የያዘውን ደረቅ ሸሚዝ ይቀይር፤ ከዚያ ደርቦ ይውጣ። ደረቅ ሸሚዝ መያዝ ከሁለት ጓንቲ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ በሩቅ አገር ስላለ ነገር ጥቂት እንናገር፤ ከበርኖሱ ነገር ጋር ስለሚገናኝ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ጫፍ በአላስካ ምድር በረዶ ለብዙ ወራት መሬቱን ይሸፍናል። በዚያ አገር ሰዎች በበረዶ ላይ በብስክሌት ይሄዳሉ፤ በፈረንጅ ቍጥር በ1987 ኢዲታባይክ የተባለ ረጅም እሽቅድድም በበረዶ ላይ ተጀምሯል። ብስክሌቱ እንዳይሰጥም ጎማውን አሰፉት፤ ዛሬ የሚሠራው የበረዶ ብስክሌት ጎማው 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰፋል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ብርድ ለሰዓታት መሪ ጨብጠው የሚሄዱት እነዚህ ሰዎች ስለ ጣታቸው ብዙ ተቸግረው ነበር። ጓንቲውን ባወፈሩት ቍጥር ፍሬን መያዝና ማርሽ መለወጥ አቃታቸው። በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ እጁን ማልበስ ሳይሆን መሪውን ማልበስ ነው። ከመሪው በሁለቱም ጫፍ እንደ ከረጢት ያለ ወፍራም ሽፋን ያስራሉ፤ እጃቸውን ስስ ጓንቲ ብቻ አድርገው በዚያ ውስጥ ያገባሉ፤ መሪውም ፍሬኑም በከረጢቱ ውስጥ ነው። ነፋስ አይገባም፤ ጣቶቹም አንዱ ከሌላው ጋር ሆነው ይሞቃሉ።

ይህን በሰማን ጊዜ በጣም ገረመን። በበርኖሱ ጫፍ ዛቡን ሸፍነው የሚጋልቡት ዳኛ ያደረጉት ይኸው ነውና።

በቤታችንም ይህን በሞተር ብስክሌት ለሚሠራው ለወንድማችን ልጅ ሠርተንለታል፤ አሠራሩን የቤት እመቤቶች እንዲያውቁት እንጽፋለን። ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጠንካራ ሸራ ወይም የለፋ ቆዳ ይሁን። ከውስጥ ጠጕሩ ወደ እጅ የዞረ የበግ ቆዳ፥ ይህም ካልተገኘ ሁለት እጥፍ የሆነ አሮጌ ባና ይሰፋበት። ቅርጹ እንደ ሰፊ እጅጌ ነው፤ መሪው በሚገባበት በኩል ጠባብ፥ እጅ በሚገባበት በኩል ክንድን ከነኮቱ የሚያስገባ ሰፊ ይሁን። የሰፊው በኩል አፍ እንዳይከደን ስስ የቀርከሃ ስንጣቂ ወይም ሽቦ በጠርዙ ይግባበት፤ ምክንያቱም ነጂው እጁን ካወጣ በኋላ ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሣ መልሶ ማግባት አለበት። የመጀመሪያው የሠራነው አፉ እየተከደነ አስቸግሮት ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት የማይታለፉ ጥንቃቄዎች አሉ። ሽፋኑ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ዘንግ፥ እንዲሁም ቤንዚን የሚሰጠውን እጀታ እንዳይጫን፥ በተለይም በነፋስ ተገፍቶ እንዳይዘው ሰፋ ብሎ ይቈረጥ፤ ከመንገድ በፊትም በቆመበት፥ ቀጥሎም በዝግታ በሜዳ ላይ ይፈተን። ሁለተኛ፥ ሽፋኑ ከነጂው ክንድ ጋር በምንም አይታሰር። የሚወድቅ ሰው እጁ ወዲያው መውጣት አለበት፤ ለሙቀት ሲባል እጁ ከመሪው ጋር የታሰረ ሰው ጣቱን አትርፎ ክንዱን ይሰብራል።

ጓንቲ የሚያደርግ ሰው ቢሆን፥ አራቱ ጣት በአንድ ከረጢት አውራ ጣትም ለብቻው የሚገባበት ከባለ አምስቱ ጣት ይልቅ ይሞቃል። የሚጠብቅ ጓንቲ ግን ከባዶ እጅ እምብዛም አይሻልም፤ ደሙን ያግዳል፥ ለአየርም ቦታ አይተውም። ቀለበትም በብርድ ቀን ከቤት ቢቀር መልካም ነው፤ ብረት ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል፥ ጣትም ቢያብጥ ያንቃል። ይህን የምንለው ቀለበት ለማዕርግ ወይም ለጋብቻ የሚያደርጉ ሰዎች እንደማይሰሙን እያወቅን ነው።

ስለ አረቄም መናገር ግድ ነው። በደጋው አገር ለመንገደኛ ማልዶ አንድ መለኪያ መስጠት የቸርነት ምልክት ነው፤ ጠጪውም ወዲያው እንደ ሞቀው ይናገራል፤ ውሸትም አልተናገረም። አረቄ በቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታልና ሙቀቱ ከጓዳ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቆዳው ይሞቃል፥ ነፋሱም ያንን ሙቀት ይወስደዋል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጓዳው ይጎድላል። ትምባሆ ደግሞ በተቃራኒው የጣትን የደም ሥር ያጠብባል። ስለዚህ ለመንገደኛ የሚሻለው ትኵስ ነገርና ጠንካራ ቍርስ ነው፤ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ የበላ ሰው በሆዱ ማገዶ ይዞ ይሄዳል። አስተናጋጁን ላለማሳዘን አረቄውን ማታ ከደረሱ በኋላ እንጠጣዋለን ማለት ይቻላል፤ እኛ እንዲህ እያልን ብዙ ጊዜ ተሳክቶልናል።

የደነዘዘን እጅ ስለ ማዳን ብዙ ስሕተት ተሠርቷል። በፈረንጅ ቍጥር በ1812 የናፖሌዎን ሠራዊት ከሞስኮ ሲመለስ የጦሩ ታላቅ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ፥ በብርድ የደነዘዘ እጃቸውንና እግራቸውን ወደ እሳት ያቀረቡ ወታደሮች ሥጋቸው ሲበሰብስ አየ። ስለ እሳቱ ያየው እውነት ነበር፤ በእሳት ፋንታ በበረዶ ማሸት ይሻላል ብሎ መምከሩ ግን ስሕተት ነበር፤ ሆኖም ምክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖረ። ዛሬ ሐኪሞች ማሸትንም እሳትንም ይከለክላሉ። የሚሻለው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ባለ ውኃ መንከር ነው፤ መለኪያ የሌለው ሰው ሕፃን የሚታጠብበትን ውኃ ያህል አድርጎ በጤነኛ ሰው ክርን ይፈትነው፤ በደነዘዘው እጅ ግን አይሞክረው። ውኃ ካልተገኘ የራስ ወይም የሌላ ሰው ብብት ይበቃል፤ ባልቴቲቱ ያሉንም ይኸው ነበር። ጣቱ ከሞቀ በኋላም እንደ ነጣ ወይም እንደ ጠቈረ የሚቀር፥ ወይም ውኃ የሚቋጥር እንደ ሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ደግሞም ብርዱ ቀላል ሳለ ጣታቸው ድንገት ነጥቶ ቀጥሎ የሚሰማያዊና የሚቀላ ሰዎች አሉ፤ ይህ የደም ሥር ሕመም ሊሆን ስለሚችል በጓንቲ ብቻ ሊታለፍ አይገባም።

መንገደኛው ትልቅ ሰው ስለ ሆነ ለራሱ ያስባል፤ ከበቅሎው ኋላ በእግሩ የሚከተለው ልጅ ግን አለ። ከብት የሚያግደውም አለ፤ ማልዶ ትምህርት ቤት የሚሄደውም አለ፤ በደነዘዘ ጣት እርሳስ ይይዛል፥ አስተማሪውም ጽሕፈቱ አስቀያሚ ነው ብሎ ይቈጣዋል። እኛ ከደረሰብን በኋላ እንዲህ ያለውን ልጅ ሳንጠይቅ አንቈጣም። ለልጅ ጓንቲ መግዛት የማይቻል ቢሆን፥ ተረከዙ ያለቀ የሱፍ ካልሲ ጫፉ ጤነኛ ነውና ለአውራ ጣት ቀዳዳ ተደርጎለት ዳሩ በኪሮሽ ቢጠለፍ መልካም የእጅ ልብስ ይወጣዋል። የአሮጌ ሹራብም እጅጌ በአንድ በኩል ተሰፍቶ እንዲሁ ያገለግላል። ሁለቱንም በአንገት በሚዞር ገመድ ማገናኘት ነው፤ አለዚያ በሦስተኛው ቀን አንዱ ጠፍቶ ይገኛል።

የመነሻውንም ሰዓት ማሰብ ያስፈልጋል። ብርዱ ከሁሉ የሚበረታው ከጧቱ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በምትወጣበት ጊዜ ነው፤ 3 ሰዓት በሆነ ጊዜ ውርጩ ረግፎ ሣሩ ይረጥባል። በሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስለሚወርድ፥ ከሜዳው መካከል ይልቅ በጥጉ በኩል ያለው መንገድ ጥቂት ይሞቃል። ዳኛችን ለደጋ ጉዞ በዶሮ ጩኸት መነሣትን ትተዋል፤ ቀጠሮውንም ከ4 ሰዓት በፊት አያደርጉም። ባለ ጉዳዮቹም ከየቤታቸው በእግራቸው የሚመጡ ስለ ሆኑ ይህን በደስታ ተቀብለውታል።

እኛ ዛሬ ወደ ደጋ ስንወጣ ባለቤታችን ከመንዝ ጠጕር የሠራችልን የእጅ ሹራብ አለን። ከቀኙ የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ እስክርቢቶ ለመያዝ እንዲመች ክፍት ሆኖ ተሠርቷል። ከደረስንም በኋላ ዳኛው መዝገቡን ከመክፈታቸው በፊት እጃችንን ይጠይቁናል፤ በአንድ ቍራጭ ወረቀት ላይ ጠ እና ጡ ጽፈን እናሳያቸዋለን።